ስካርና ስልክ በአንድ መሪ ላይ፦ የዩታው የሲሙሌተር ሙከራ ምን ለካ፣ ምንስ ሳይለካ ቀረ?

777፣ 779፣ 849። ሦስቱም ሚሊ ሰከንዶች ናቸው። ከፊት ያለችው መኪና የፍሬን መብራቷ ከበራበት ቅጽበት ጀምሮ ተከታዩ አሽከርካሪ ፍሬን እስኪነካ ድረስ የወሰደበትን አማካይ ጊዜ ያሳያሉ። የመጀመሪያው አልኮል ያልቀመሰ፣ ስልክም የማያወራ አሽከርካሪ ነው። ሁለተኛው የደም አልኮል መጠኑ 0.08 በመቶ የደረሰ፣ በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ ሰክሮ ነድቷል የሚባል ነው። ሦስተኛው በስልክ እያወራ የሚነዳ ነው። ይህችን መስመር ብቻ ያየ ሰው «ሰካራሙስ ምንም አልሆነም» ብሎ ወረቀቱን ሊያስቀምጥ ይችላል። አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ያነበበ ግን ሰካራሙ ፍሬኑን ከሌሎቹ በሩብ ያህል በበለጠ ኃይል ሲረግጠው ያገኘዋል። የሚገርመው ደግሞ ሦስቱም አሽከርካሪዎች ያው 40 ሰዎች መሆናቸው ነው።

ሙከራው የተሠራው በአሜሪካዋ የዩታ ግዛት፣ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዴቪድ ስትሬየር፣ ፍራንክ ድሩስና ዴኒስ ክራውች ውጤቱን በ2006 እ.ኤ.አ. ሂዩማን ፋክተርስ በተባለው መጽሔት አወጡት። በዘርፉ ደጋግሞ የሚነሳ ሥራ ነው፤ የሚነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ስልክ ከስካር አይተናነስም» በምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምቆ ነው። እዚህ የሚመረመረው ከመደምደሚያው ይልቅ መለኪያው ነው፤ ቁጥሮቹ እንዴት ተገኙ፣ እያንዳንዱ ከየት ጀምሮ እስከ የት ይቆጥራል፣ የትኛውስ የትኛውን ይጎትታል።

ጥያቄው ከየት መጣ

በ1997 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ሬደልማየርና ሮበርት ቲብሺራኒ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። የእጅ ስልክ ያላቸውና የመኪና ግጭት የደረሰባቸውን 699 አሽከርካሪዎች የስልክ ሒሳብ መዝገብ ከግጭቱ ሰዓት ጋር አስተያዩት። ስልክ ሲወራ የግጭት ዕድሉ 4 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በሕግ ወሰኑ ላይ ያለ የአልኮል መጠን ከሚያመጣው አደጋ ጋር የሚቀራረብ ነው ተባለ።

ንጽጽሩ ጆሮ የሚስብ ቢሆንም ክፍተት ነበረው። የሒሳብ መዝገብ ስልኩ መቼ እንደተደወለ ይናገራል እንጂ የአሽከርካሪው እግር በዚያች ቅጽበት ምን ያደርግ እንደነበር አይናገርም። በዚያች ሰዓት መንገዱ ተጨናንቆ፣ ሰውየውም ቸኩሎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አደጋዎች በእኩል መንገድ፣ በእኩል ሰዓትና በእኩል ክስተት ጎን ለጎን ለማየት አንድን ሰው አስክሮ ማንዳት፣ በሌላ ቀን ያንኑ ሰው ስልክ እያስወሩ ማንዳት ያስፈልጋል። በሕዝብ መንገድ ላይ ይህን የሚፈቅድ የለም፤ ሲሙሌተር፣ ማለትም ማሽከርከርን በስክሪን የሚያስመስል መሣሪያ፣ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

መሣሪያውና መንገዱ

የተጠቀሙበት ሲሙሌተር ፓትሮልሲም ይባላል። መሪው፣ ዳሽቦርዱ፣ የነዳጅና የፍሬን ፔዳሎቹ የፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ናቸው፤ የመኪናው ጠባይም በኮምፒውተር የተቀረጸው አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለው በዚሁ ሞዴል ልክ ነው። አሽከርካሪው 180 ዲግሪ የሚሸፍን እይታ አለው። ፍጥነቱ፣ ከሌሎች መኪኖች ያለው ርቀትና የፍሬን አረጋገጡ በሰከንድ 30 ጊዜ ይመዘገባል።

መንገዱ 24 ማይል፣ ማለትም 39 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በየአቅጣጫው ከአንድ በላይ ረድፍ ያለው አውራ ጎዳና ነው። ጊዜው ቀን፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው። በቀኝ ረድፍ አንዲት መኪና ከፊት ትሄዳለች፤ የአሽከርካሪው ሥራ እሷን መከተል ብቻ ነው። በግራ ረድፍ ሌሎች መኪኖች ከእሷ ትንሽ ፈጠን ብለው ያልፋሉ፤ መንገዱ ባዶ እንዳይመስል የተጨመሩ ናቸው።

የፊቷ መኪና አስቀድሞ በማይገመቱ 32 ቦታዎች ላይ ፍሬን ትይዛለች። የሙከራው ብልሃት ያለው እዚህ ነው። ፍሬኗን የምትለቀው ተከታዩ አሽከርካሪ ፍሬን ሲረግጥ ነው፤ ያኔ ነዳጅ ሰጥታ ወደ መደበኛ ፍጥነቷ ትመለሳለች። ተከታዩ ካልረገጠ እሷም መብራቷን አብርታ ፍጥነቷን መቀነሷን ትቀጥላለች፤ መጨረሻውም ግጭት ነው። በቁጥር 32 የሆነ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ምልክት የሚጀምር፣ በአሽከርካሪው ድርጊት ብቻ የሚዘጋ ክስተት ማለት ነው። ለመለኪያ ከዚህ የተሻለ ንጹሕ መነሻ ማግኘት ይከብዳል።

ንጽሕናው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዘግይቶ የረገጠ አሽከርካሪ የሚገጥመው ይበልጥ የቀረበችና ይበልጥ የዘገመች መኪና ነው። ስለዚህ ከፍሬን በኋላ የሚለካው ሁሉ፣ የእርግጫው ኃይልም፣ ለግጭት የቀረው ጊዜም፣ ወደ ፍጥነት ለመመለስ የወሰደውም፣ የመጀመሪያዋን መዘግየት በውስጡ ይዟል። ዘጠኝ መለኪያ አለን ሲባል ዘጠኝ ነጻ ምስክር አለን ማለት አይደለም። ተመራማሪዎቹም እያንዳንዱን መለኪያ ለብቻው ከመፈተናቸው በፊት ሁሉንም ባንድነት ያነጻጸሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰዎቹና ቀኖቹ

ተሳታፊዎቹ 25 ወንዶችና 15 ሴቶች ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 34 ነው። ሁሉም አልፎ አልፎ ከሰው ጋር የሚጠጡ ናቸው። ለአንድ ሰዓት 10 ዶላር ይከፈላቸዋል። እያንዳንዱ ሰው በሦስት የተለያዩ ቀናት መጥቷል።

የመጀመሪያው ቀን መሣሪያውን ለመልመድ ብቻ የዋለ ነው። ይህን ቀን እንደ ትርፍ ቆጥሮ የሚያስቀር ብዙ ነው፤ ውጤቱ የሚበላሸውም በዚሁ ነው። ወንበሩ በማይንቀሳቀስ ሲሙሌተር ላይ ሰውነት የፍጥነት መቀነስን አይሰማም፤ አዲስ ሰው መኪናዋ መቆሟን ስለማያምን ፍሬኑን አብዝቶ ይረግጣል፣ መሪውንም ያወዛውዛል። ልምምዱ ከሙከራው ጋር ከተቀላቀለ የመማር ለውጡ የስካር ወይም የስልክ ለውጥ መስሎ ይነበባል።

ከቀሩት ሁለት ቀናት አንዱ የስልክ፣ ሌላው የአልኮል ነው፤ የትኛው እንደሚቀድም ከሰው ሰው ይለዋወጣል። በስልኩ ቀን እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ይነዳል፤ ያለ ስልክ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ስልኩን ሳይዝ በማዳመጫ። ያለ ስልክ የተነዳው መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ጥሪው የሚጀመረው መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ነው። ስለዚህ ቁጥር መምታት፣ ስልክ ከኪስ ማውጣት፣ ማንሳትና መዝጋት በውጤቱ ውስጥ የሉም፤ የተለካው ወሬው ራሱ ነው። በእጅ በመያዝና ባለመያዝ መካከል ልዩነት ስላልታየ ሁለቱ በትንተናው ላይ ተዋሕደዋል።

በአልኮሉ ቀን ተሳታፊው 0.08 ያደርሰዋል ተብሎ የተሰላ ቮድካ በብርቱካን ጭማቂ ተቀላቅሎ ይጠጣል። መጠኑ መድረሱ ኢንቶክሲላይዘር 5000 በተባለ የትንፋሽ መመርመሪያ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ወደ መሪው ይገባል።

የአቀማመጡ አንድ ድካም መታለፍ የለበትም። መነሻው የተነዳው በስልኩ ቀን ነው። ስልክና መነሻ ሲነጻጸሩ ሰውም ቀንም አንድ ነው፤ አልኮልና መነሻ ሲነጻጸሩ ግን ሰው አንድ ሆኖ ቀኑ ሌላ ነው። የተሳታፊው እንቅልፍ፣ የቀኑ ስሜት፣ መሣሪያውን ስንት ጊዜ እንደነዳው ሁሉ በአልኮሉ ንጽጽር ውስጥ ይገባል። ቅደም ተከተሉን ማለዋወጥ ይህን በአማካይ ያቻችለዋል፤ የቁጥሮቹን መበተን ግን አያጠፋውም።

32 በ300

የትንተናው ልብ ይህ ነው። የፊቷ መኪና መብራት በበራ ቁጥር ተከታዮቹ 10 ሰከንዶች ከጠቅላላው መዝገብ ተቆርጠው ይወጣሉ። በሰከንድ 30 ምዝገባ ሲሆን 10 ሰከንድ 300 ነጥብ ይሆናል። ክስተቶቹ 32 ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ጉዞ 32 ረድፍና 300 ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሠራል። ዓምድ በዓምድ አማካይ ሲወሰድ የአሽከርካሪው የተለመደ አካሄድ በአንድ መስመር ይሣላል፤ ፍጥነቱ መቼ መውረድ እንደጀመረ፣ የት እንደደረሰ፣ መቼ እንደተመለሰ በዓይን ይታያል።

ሥዕሉ ቆንጆ ነው፤ ቁጥር ሊለቀምበት ግን አይገባም። አንዱ ክስተት ዝቅተኛ ፍጥነቱ ላይ በ3ኛው ሰከንድ፣ ሌላው በ5ኛው ቢደርስ የአማካዩ ኩርባ ከሁለቱም ያነሰ ጉድጓድ ይኖረዋል። የምላሽ ጊዜ፣ ከፍተኛ የፍሬን ኃይልና ዝቅተኛ ፍጥነት ከእያንዳንዱ ረድፍ ለየብቻ ተነበው በኋላ አማካይ ይወሰድላቸው። ኩርባውን ለዓይን፣ ረድፉን ለሒሳብ መጠቀም ነው።

የምላሽ ጊዜው ከመብራቱ መብራት እስከ ፔዳሉ 1 በመቶ መውረድ ድረስ ይቆጠራል። ይህችን 1 በመቶ ለሚኮርጅ ሰው ማስጠንቀቂያ አለን። የፔዳሉ ስፕሪንግ ላልቶ ወይም ሴንሰሩ ተዛብቶ በባዶው 1.2 በመቶ የሚያነብ ከሆነ የምላሽ ጊዜው ዜሮ ይሆናል፤ አሽከርካሪው እግሩን ፍሬኑ ላይ ጣል አድርጎ የሚነዳ ከሆነም እንዲሁ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት የፔዳሉ የእረፍት ንባብ መመዝገብ፣ 1 በመቶውም ከዚያ በላይ መቆጠር አለበት። ከነዳጅ ላይ እግር የተነሳበትን ቅጽበት ለብቻ መያዝም ይጠቅማል፤ ዘግይቶ ያየ ሰውና አይቶ እግሩ የዘገየ ሰው በአንዱ ቁጥር ብቻ አይለዩምና።

ሌላው ጣጣ ያልተረገጠ ፍሬን ነው። አሽከርካሪው ነዳጅ ለቆ ብቻ ፍጥነቱን ቢያስተካክል፣ ወይም ወደ ግራ ረድፍ ቢያመልጥ፣ የምላሽ ጊዜ የለም። ኮምፒውተሩ ያንን ረድፍ ባዶ አድርጎ ያልፈዋል፤ አማካዩም ከቀሪዎቹ ይሰላል። አደገኛው ነገር ባዶ የሚቀሩት ረድፎች አንዳንዴ እጅግ የከፉት መሆናቸው ነው። የገጨ ሰው ፍሬን ሳይነካ ገጭቶ ከሆነ ከአማካዩ ውስጥ ወጥቶ ቡድኑን ፈጣን ያስመስለዋል። በተቃራኒው ከ200 ሚሊ ሰከንድ በታች የሚወጣ ምላሽ ግምት ነው፤ ዓይን አይቶ እግር ከነዳጅ ወደ ፍሬን በዚያ ፍጥነት አይሻገርም። እነዚህ ሕጎች መረጃው ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ መቀመጥ አለባቸው፤ ከተከፈተ በኋላ የሚወጣ ሕግ ሳይታወቅ ወደሚፈለገው መልስ ያዘነብላል።

በሰከንድ 30 ምዝገባ ማለት በሁለት ንባብ መካከል 33 ሚሊ ሰከንድ አለ ማለት ነው። የተገኘው የስልክ መዘግየት 72 ሚሊ ሰከንድ ብቻ፣ ማለትም ከሁለት ንባብ ትንሽ የሚበልጥ ስለሆነ «ታዲያ ይህ መሣሪያ ያንን መለየት ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለአንድ ክስተት አይችልም። በ32 ክስተት አማካይ ላይ ግን ከንባብ ክፍተት የሚመጣው ስሕተት ከ2 ሚሊ ሰከንድ በታች ይወርዳል። ክስተቱ 32 መሆኑ ተሳታፊውን ለማድከም አይደለም።

ሠንጠረዡ

| መለኪያ | መነሻ | አልኮል | ስልክ |
|---|---|---|---|
| ግጭት | 0 | 0 | 3 |
| የፍሬን ምላሽ ጊዜ (ሚሊ ሰከንድ) | 777 | 779 | 849 |
| ከፍተኛ የፍሬን ኃይል (በመቶ) | 56.7 | 69.8 | 55.5 |
| ፍጥነት (ማይል በሰዓት) | 55.5 | 52.8 | 53.8 |
| አማካይ የመከተል ርቀት (ሜትር) | 27.4 | 26.0 | 28.4 |
| የመከተል ርቀት መደበኛ ልይይት፣ ማለትም መዋዠቁ (ሜትር) | 9.5 | 10.3 | 11.8 |
| ለግጭት የቀረ ጊዜ (ሰከንድ) | 8.5 | 8.0 | 8.1 |
| የቀረው ጊዜ ከ4 ሰከንድ በታች የሆነባቸው ክስተቶች | 1.5 | 3.0 | 1.9 |
| የግማሽ ማገገሚያ ጊዜ (ሰከንድ) | 5.3 | 5.4 | 6.3 |

ስልክ የሚያወራው ሰው ከመነሻው በ9 በመቶ ዘግይቶ ይረግጣል፤ ርቀቱ በ24 በመቶ የበለጠ ይዋዥቃል፤ ያጣውን ፍጥነት ግማሽ ለመመለስ 19 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ይፈጃል። የመጨረሻው መለኪያ ማብራሪያ ይፈልጋል፦ ከ60 ማይል ወደ 40 የወረደ መኪና ወደ 50 እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነው። ፍሬን ከተረገጠ በኋላ የፊቷ መኪና ወዲያው ትሄዳለች፤ አውሪው ግን መሄዷን ዘግይቶ ያያል። ይህ አደጋ ባይሆንም ከኋላው ለሚመጣው ሰልፍ መዘግየት ነው።

ሰካራሙ ሌላ ሰው ነው። በሰዓቱ ይረግጣል፤ ሲረግጥ ግን በ23 በመቶ የበለጠ ኃይል ነው። ለግጭት የቀረው ጊዜ ከ4 ሰከንድ በታች የወረደበት ክስተት ከመነሻው እጥፍ ነው። 4 ሰከንድ የተመረጠው አሽከርካሪው ሁኔታውን የተቆጣጠረበትን ጊዜ አደጋ ውስጥ ከገባበት ለመለየት ያገለግላል በሚል ነው።

ሁለቱም ይሰናከላሉ፤ እንቅፋታቸው ግን አንድ አይደለም። «ማን ይብሳል?» የሚለው ጥያቄ የትኛውን መስመር እንደምታነብ ካልተነገረ መልስ የለውም። የምላሽ ጊዜን መለኪያ አድርጎ የተነሳ ላቦራቶሪ አልኮልን ነጻ ያወጣል፤ የፍሬን ኃይልን ያነሳ ደግሞ ስልክን።

ለግጭት የቀረ ጊዜ በሚባለው መለኪያ ላይም ትንሽ እንቆይ። ርቀቱ በሁለቱ መኪኖች የፍጥነት ልዩነት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ፍጥነታቸው ሲስተካከል አካፋዩ ዜሮ ይሆንና መልሱ ወደ ወሰን የለሽ ይሮጣል። አንድ 900 ሰከንድ የሚል ንባብ በአማካዩ ውስጥ ከገባ ሌሎቹን ሁሉ ይውጣቸዋል። ከእያንዳንዱ ክስተት ዝቅተኛውን ብቻ መውሰድ ወይም ተገላቢጦሹን (አንድን በዚያ ጊዜ አካፍሎ) መጠቀም ይሻላል፤ ከወሰን በታች የወረዱትን መቁጠርም፣ ዩታዎቹ እንዳደረጉት፣ ከአማካዩ ይልቅ ታማኝ ነው። ሠንጠረዡ ራሱ ይመሰክራል፦ በአማካዩ አልኮልና ስልክ ሊለዩ አይችሉም፣ 8.0 እና 8.1 ናቸው፤ በቆጠራው ግን 3.0 እና 1.9 ሆነው ይራራቃሉ።

ሜትር ወይስ ሰከንድ?

«ሰካራሙ ይበልጥ ተጠግቶ ይነዳል» የሚባለው 26.0 እና 27.4 ሜትርን በማየት ነው። ርቀቱን በፍጥነቱ እናካፍለው። መነሻው 55.5 ማይል በሰዓት ስለሚነዳ በሰከንድ 24.8 ሜትር ይሄዳል፤ 27.4 ሜትር ለእሱ 1.10 ሰከንድ ነው። ሰካራሙ በሰከንድ 23.6 ሜትር ይሄዳል፤ 26.0 ሜትርም 1.10 ሰከንድ ነው። ከሁለት አማካዮች የተሰላ ስለሆነ ሻካራ ሒሳብ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው መረጃ አይተካም። ቢሆንም የሚያሳየው ግልጽ ነው፦ በሜትር ተጠግቷል፣ በሰከንድ አልተጠጋም። ዝግ ብሎ ስለነዳ ርቀቱም አጠረ። የአነዳዱ ችግር ያለው በአማካይ ርቀቱ ላይ ሳይሆን ፍሬኑ ላይ ነው።

ይኸው ሒሳብ ስልክ ላይ ሲሠራ ይበልጥ ይገርማል። በሰከንድ 24.05 ሜትር በሚሄድ መኪና 28.4 ሜትር 1.18 ሰከንድ ነው። ከመነሻው በ0.08 ሰከንድ ይበልጣል፤ የምላሹ መዘግየት ደግሞ 0.072 ሰከንድ ነው። አውሪው ያጣትን ያህል ርቀት በመጨመር ያካካሰ ይመስላል። እንዲህ ከሆነ በአማካይ ዕዳ የለበትም ማለት ነው። ግጭቶቹ ግን የደረሱት በእሱ ላይ ነው። አማካይ መኪና አይገጭም፤ የሚገጨው ከ32ቱ አንዷ ክስተት ነች፣ ርቀቱ በጠበበበትና ምላሹ በዘገየበት አጋጣሚ። የ11.8 ሜትር ልይይት የሚናገረው ይህንኑ ነው። ተካፍሎ የወጣ አማካይ ሳይሆን የስርጭቱ ጭራ፣ ማለትም ከአማካዩ እጅግ የራቁት ክስተቶች፣ መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

ርቀት ሲባል ከየት እስከ የት እንደሆነ መጻፍም ግዴታ ነው። አንዳንድ ሲሙሌተር ከመኪና መሐል እስከ መኪና መሐል፣ አንዳንዱ ከተከታዩ መኪና አፍንጫ እስከ ፊቷ መኪና ጀርባ ይለካል። በረጃጅም አውቶሞቢሎች መካከል ልዩነቱ 5 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በዚህ ፍጥነት 0.2 ሰከንድ ማለት ነው፣ ማለትም ከጠቅላላው የስልክ ውጤት ሦስት እጥፍ ገደማ። የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው ኤስኤኢ በ2015 እ.ኤ.አ. ጄ2944 በሚል ቁጥር የማሽከርከር መለኪያዎችን ፍቺ የያዘ ሰነድ ያወጣው እንዲህ ያለውን ግርታ ለማስቀረት ነው።

ሦስቱ ግጭቶች

ከሠንጠረዡ ሁሉ በሰው አፍ የገባው 0፣ 0፣ 3 የሚለው ነው፤ በእኛ ግምት ግን ከዘጠኙ መስመሮች ደካማው እሱ ነው። አንደኛ፣ ስልክ ሁለት ጊዜ ተነድቷል፤ በእጅ ተይዞና ሳይያዝ። 40 ሰዎች ሁለት ጊዜ ሲነዱ 80 ጉዞ፣ 2,560 የፍሬን ክስተት ይሆናል፤ አልኮል 40 ጉዞና 1,280 ክስተት ብቻ አለው። ሁለተኛ፣ ሦስቱን የገጩት ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብለን እነዚያው ሰዎች በመነሻው አለመግጨታቸውን ብናስተያይ፣ ይህ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ 0.25 ነው። ሳንቲም ሦስት ጊዜ ወርውሮ ሦስቱንም በአንድ ፊት እንደማግኘት። ሦስተኛ፣ ከ40 ሰው ዜሮ ግጭት ታየ ማለት የእውነተኛው ዕድል ዜሮ ነው ማለት አይደለም፤ እስከ 7 በመቶ ገደማ ካለ ዕድል ጋር ይስማማል። 3 ከ40 ራሱ 7.5 በመቶ ነው!

ግጭት እውነተኛው ጉዳት ስለሆነ መቆጠሩ አይቀርም። በዚህ መጠን ባለ ሙከራ ግን ሸክሙን መሸከም ያለባቸው ተከታታይ መለኪያዎቹ ናቸው።

ያልተለካው

ከታተሙት ዘጠኝ መስመሮች አንዱም መኪናዋ የመንገድ ረድፏን ስለ መጠበቋ አይናገርም። ሁሉም ፊትና ኋላ ናቸው፤ ግራና ቀኝ የለም። አልኮልን በመለካት ረገድ ደግሞ ጥቂት ለውጥን እንኳ ይለያሉ ከሚባሉት መለኪያዎች አንዱ መኪናዋ በረድፏ ውስጥ የምትወዛወዝበት መደበኛ ልይይት ነው። በኔዘርላንድስ በእውነተኛ አውራ ጎዳና ላይ መድኃኒት የሚፈተንበት የ100 ኪሎ ሜትር ሙከራ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው፤ በ0.05 የደም አልኮል የሚታየው ጭማሪ 2.4 ሳንቲ ሜትር ተወስዶ መድኃኒቶች የሚመዘኑበት ወሰን ሆኗል።

ይህ መለኪያ በዩታው ሠንጠረዥ ቢታከል ሚዛኑ ሊገለበጥ ይችል ነበር። ወሬ የያዘ አእምሮ ብዙ ጊዜ የረድፍ ውዝዋዜን አይጨምርም፤ እንዲያውም በበርካታ የሲሙሌተር ሙከራዎች የመቀነስ ዝንባሌ ያሳያል። ዓይኑ ቀጥ ብሎ መሐል መንገድ ላይ ስለሚተከል መሪው ይረጋል። በረድፍ ብቻ የሚለካ ሰው ስልክ አውሪውን ከመነሻውም የተሻለ አሽከርካሪ ነው ሊለው ነው። የፊትና የኋላውን መለኪያ ያለ ግራና ቀኙ፣ ወይም ተገላቢጦሹን፣ ማቅረብ ግማሽ ምርመራ ነው።

ሙከራውን ለሚደግም

ሲሙሌተሩ ራሱ ይዘገያል። ፔዳሉ ከተረገጠበት እስከ ስክሪኑ ለውጥ፣ ኮምፒውተሩ መብራት አብራ ካለበት እስከ ፕሮጀክተሩ ብርሃን ጊዜ ያልፋል። ይህ መዘግየት በሁሉም ሁኔታ እኩል ስለሚደመር በስልክና በመነሻ መካከል ያለውን ልዩነት አይነካም፤ 777 የሚለውን ቁጥር ግን ይነካዋል። ልዩነቶቹን ወደ መንገድ መውሰድ ይቻላል፤ ጥሬ ቁጥሮቹን ከሌላ ላቦራቶሪ ወይም ከእውነተኛ መኪና ጋር ማስተያየት ግን አይቻልም። የፍሬን ኃይል ላይ ይህ ይበልጥ ይጠብቃል፤ መቀነሱ በሰውነት በማይሰማበት ወንበር ላይ የተለካ 69.8 በመቶ ትርጉም የሚኖረው ከጎኑ 56.7 ሲቀመጥ ብቻ ነው። መዘግየቱን ለማወቅ ፔዳሉና ስክሪኑ ባንድ ክፈፍ እንዲገቡ አድርጎ በፈጣን ካሜራ መቅረጽና ክፈፎቹን መቁጠር ይበቃል።

32 ጊዜ ፍሬን መያዝ ያስመልሳል። ዓይን መኪናዋ እየቆመች ነው ይላል፣ የውስጥ ጆሮ ደግሞ ምንም አልሆነም ይላል፤ ከዚህ አለመግባባት ማቅለሽለሽ ይመጣል። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመው የሲሙሌተር ሕመም መጠይቅ 16 ምልክቶችን ከ0 እስከ 3 ያስመዝናል፤ ከጉዞ በፊትም በኋላም መሞላት አለበት። የታመመ ተሳታፊ ዝግ ብሎ፣ ርቆ፣ መሪ ሳያዞር ይነዳል፤ ይህም በመረጃው ላይ ጥንቃቄ መስሎ ይታያል። የአልኮል ቀን ሲሆን ነገሩ ይደራረባል፤ ማቅለሽለሹ ከቮድካው ይሁን ከስክሪኑ መለየት አይቻልም።

ወሬውም ቁጥጥር ይሻል። በዩታው ሙከራ አሽከርካሪው ስልኩን የመዝጋት ነጻነት የለውም፤ በመንገድ ላይ ግን ሰው ትራፊክ ሲጠብቅ «ቆይ መልሼ ልደውል» ይላል። ስለዚህ የተለካው ወሬ ያለ ማቋረጥ ሲቀጥል የሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ሰው በራሱ ምርጫ ሲያወራ የሚደርሰው አይደለም። ንግግሩን በድምፅ ቀድቶ የፍሬኑ መብራት ሲበራ አሽከርካሪው እየተናገረ፣ እያዳመጠ ወይስ ዝም ብሎ እንደነበር ምልክት ማድረግ 32ቱን ክስተቶች በሦስት ይከፍላቸዋል። ክስተቱ ያን ጊዜ ያንሳል፤ 60 ወይም ከዚያ በላይ ማቀድ ግድ ነው። ያ ደግሞ ጉዞውን ያስረዝማል፣ የአልኮሉም መጠን በመሐል ይወርዳል፤ ትንፋሹ ከጉዞ በኋላም መለካት ይኖርበታል።

መጠጡም ቢሆን ዛሬ በዚያው ልክ አይቀዳም። ዩታ ከታኅሣሥ 30 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕግ ወሰኗን ወደ 0.05 አውርዳለች። ሙከራው እዚያው ቤት ቢደገም «በሕግ የሰከረ» የሚባለው ቡድን የሚጠጣው ያነሰ ቮድካ ነው፤ 69.8 የሚለው የፍሬን ኃይል በዚያ መጠን ወዴት እንደሚወርድ ግን ከዚህ ሠንጠረዥ በስሌት አይወጣም።